የእርግዝና 32ኛ ሳምንት፣ ሽፍታ የሌለው ማሳከክ፣ ጉበት

ጠያቂ፦
እህቶችና ወንድሞች፣ ሌሊት ሌሊት መዳፌንና የእግሬን መርገጫ ያሳክከኛል፣ ሽፍታ ግን የለም። በደም ምርመራ የጉበት ኢንዛይሞቹ ኤስጂፒቲ 96፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ 310 ወጡ። ግፊቴ 110/70፣ ሄፓታይተስ ቢ ነጌቲቭ። ቤት ያሉት «የወፍ በሽታ ነው፣ ቅጠል ይጨመቅልሽ» ይሉኛል። ቀጠሮዬ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ፍርሃቱ ከማሳከኩ ብሶ እንቅልፍ ነሳኝ።

አዋላጅ ነርስ፦
እህቴ፣ ቅጠሉ ይቅርብሽ። ጉበት የሚጎዱ ቅጠሎች አሉ፤ ከጠጣሽ በኋላ ኤስጂፒቲው ቢጨምር መነሻው ምን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

የነገርሽን ሲታይ በእርግዝና ሆርሞን የተነሳ ሐሞት ከጉበት በደንብ ሳይወርድ ሲቀር የሚመጣው ማሳከክ ይመስላል። የሐሞት አሲዱ ወደ ደም ይመለስና ቆዳን ያሳክካል። ዓይናቸው ቢጫ የሚሆነው ጥቂቶች ናቸው። አሥር ቀን ግን አትጠብቂ፤ በዚህ ሁለት ቀን ሄደሽ የሐሞት አሲድ ምርመራ ይታዘዝልሽ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
310 አያስደንግጥሽ፤ አልካላይን ፎስፋቴዝን እንግዴ ልጁም ስለሚያመነጨው በመጨረሻዎቹ ወራት መጨመሩ የተለመደ ነው። ኤስጂፒቲ ግን በእርግዝና ብቻ አይጨምርም፣ ለ96ቱ ምክንያት ይፈለግለታል። ሄፓታይተስ ሲም ይታይልሽ።

የሐሞት አሲድ በየጤና ጣቢያው ስለማይሠራ ደውለሽ ጠይቂ። መጾም አያስፈልግም። 19 ማይክሮሞል በሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ችግሩ አለ ይባላል። ከዚያ በታች ሆኖ ማሳከኩ ከቀጠለ ከሳምንት በኋላ ይደገም፤ ማሳከኩ ቁጥሩን የሚቀድምበት ጊዜ አለ።

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፦
የሚያስፈራሽን በቁጥር ልንገርሽ፣ ጭንቀቱን የሚያቀለው እሱ ነው። የሐሞት አሲዱ ከ100 በታች ከሆነ፣ መንታ፣ ግፊትና ስኳር ከሌሉ፣ ጽንስ ማህፀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል ከሌሎች እርጉዞች እምብዛም አይለይም። 100 ሲደርስና ሲያልፍ ወደ 3 ከመቶ ይወጣል፤ ስለዚህ በ35ና 36ኛ ሳምንት ማዋለድ ይታሰባል። ከ40 እስከ 99 ሲሆን በ38ና 39፣ ከዚያ ሲያንስ እስከ 40 ይጠበቃል። ምርመራው የሚደጋገመው ቀኑን ለመወሰን ነው።

ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ በቀን በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ይሰጣል። ማሳከኩን ትንሽ ይቀንሳል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት ግን ልጁን እንደሚጠብቅ አላሳየም። ስለዚህ መድኃኒት ጀምሬያለሁ ብለሽ ክትትሉን አታቋርጪ። ሰገራሽ ነጣ ብሎ ቅባት ከበዛበት ንገሪያቸው፤ ቫይታሚን ኬ ሊያስፈልግሽ ይችላል፣ ሲያንስ ደም ቶሎ አይረጋም።

አዋላጅ ነርስ፦
ለሌሊቱ፦ እግርሽን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ንከሪ፣ ሜንቶል ያለበት ክሬም ቀቢ፣ ስስ ጥጥ ልበሺ፣ ጥፍርሽን አሳጥሪ። ስልክሽን ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው፤ በሌሊት የሚነበብ ነገር ፍርሃት ይጨምራል። ጥያቄ ሲመጣብሽ ወረቀት ላይ ጻፊና ለሐኪሙ አንብቢለት። ቀንም ምግብ እስኪያስጠላሽ ከተጨነቅሽ ያንንም በክትትል ጊዜ ተናገሪ፤ እሱም ይታከማል።

የልጅሽን እንቅስቃሴ ልመጂው። የቀነሰ ከመሰለሽ በግራ ጎንሽ ተኝተሽ ቁጠሪ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ 10 ካልሞላ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። ግፊት 140/90፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ሕመም፣ ትውከት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፦ ከእነዚህ አንዱ ከታየም እንደዚያው። እነዚህ ከማሳከኩ የተለዩ፣ በሰዓታት ውስጥ የሚብሱ የጉበት ችግሮች ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ከወለድኩ በኋላስ?

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፦
ማሳከኩ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ጡት ማጥባትም አይከለከልም። ከወሊድ 6 ሳምንት በኋላ ጉበትሽ ይታይ፤ ካልተስተካከለ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። የወሊድ መከላከያ ስትመርጪ ይህን ታሪክሽን ንገሪያቸው፤ ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ማሳከኩን ሊመልሰው ይችላል።