ቅቤ ነጋዴው አጎቴና «ካንሰር ኮሌስትሮል ይበላል» የሚለው ወሬ

የቅዳሜ ገበያ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር ነኝ። አጎቴ ከ30 ዓመት በላይ ቅዳሜ ገበያ ቅቤ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። እኔም ያደግኩት እሱ ጎን ተቀምጬ ነው። ገዢ በጥፍሩ ቆንጥሮ ያሸትና «ይሄማ ሰንብቷል» ይላል፤ አጎቴ «ኧረ ትናንት የገባ ነው!» ብሎ ይሟገታል።

ከሦስት ወር በፊት የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኘበት። ኦፕሬሽን ተደረገለት፤ አሁን ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ላይ ነው። አንድ ዘመዳችን ታዲያ «ካንሰሩ የሚያድገው ኮሌስትሮል እየበላ ነው» የሚል ቪዲዮ አሳየውና ቤቱ ተገለባበጠ። ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ጠዋት ሽሮ፣ ማታ ሽሮ። ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ አበጅተንለታል። ደሙ ሲመረመር ኮሌስትሮሉ ዝቅ ብሎ ወጣ፤ ጎረቤት «እሰይ!» አለ። እሱ ግን «በገዛ እጄ ያመጣሁት ነው» እያለ ይብሰለሰላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እውነት ነው እንዴ?

አዘዞ፦
እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። እኔም ሰምቻለሁ፣ ስብ ትቶ የዳነ አለ ይላሉ። ነጭ ሽንኩርት በማር ሞክሩለት።

የባዮኬሚስትሪ መምህር፦
ነጭ ሽንኩርቱን እንተወው። ሐኪም አይደለሁም፤ ይሄን ነገር ግን በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ቪዲዮው ግማሹ እውነት ነው፤ ጣጣውም እሱ ነው።

ቅቤ ከውኃ ጋር አይዋሃድም አይደል? ኮሌስትሮልም ደም ውስጥ ብቻውን አይሄድም፤ በፕሮቲን ተጠቅልሎ ነው የሚጓዘው። ኤልዲኤል የሚባለው አንዱ ጥቅል ነው። ሴሎች ይህን ጥቅል የሚቀበሉበት በር አላቸው። ብራውንና ጎልድስታይን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች በዚህ በር ሥራቸው በ1985 ኖቤል ተሸልመዋል። ጤነኛ ሴል ሲጠግብ በሩን ይቀንሳል። ብዙ የካንሰር ሴሎች ግን ጥጋብ አያውቁም፤ ከውጭም ይስባሉ፣ በራሳቸውም ይሠራሉ። ሴል ለሁለት ሲከፈል አዲስ ሽፋን ይፈልጋላ! ሽፋን ደግሞ ያለ ኮሌስትሮል አይሆንም።

እኔን የሚገርመኝ ከበሩ በኋላ ያለው ጉዞ ነው። ጥቅሉ ሊሶሶም በሚባል ከረጢት ውስጥ ይፈታል። ኤንፒሲ1 የሚባል ፕሮቲን ኮሌስትሮሉን ከዚያ ያወጣዋል። ከረጢቱ ላይ ኮሌስትሮል ሲከማች ኤምቶርሲ1 የሚባል ማብሪያ ይበራል፤ መልእክቱ «ስንቅ አለ፣ እደግ» ነው። ትርፉን ኤቢሲኤ1 የሚባል ፓምፕ ወደ ውጭ ይገፋል። በ2018 የታተመ የአይጥ ጥናት ደግሞ የአንጀት ግንድ ሴሎች (አዳዲስ ሴል የሚወልዱት) ኮሌስትሮል ሲበዛላቸው ቶሎ ቶሎ እንደሚባዙ፣ ዕጢም እንደሚያፋጥኑ አሳይቷል።

እንግዲህ ነገሩ ያለው በሩና ፓምፑ ላይ ነው፤ ድስቱ ላይ አይደለም። ሰውነታችን አብዛኛውን ኮሌስትሮል ራሱ ይሠራል። ሁዳዴን 55 ቀን ጾመህ ኮሌስትሮል አልቆብህ ያውቃል? ቅቤ ስትከለክለው ዕጢው የራሱን ይሠራል፤ የሚራቡት ጋሼ ናቸው። በደም ምርመራው ኮሌስትሮሉ ዝቅ ማለቱም እልል የሚያሰኝ አይደለም፤ ክብደት እየቀነሰ ከሆነ ሰውነት መጎዳቱን ሊያሳይ ይችላል። ቅቤ በጭልፋ ይጠጡ እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳት።

የቅዳሜ ገበያ ልጅ፦
ተባረክ መምህር። ታዲያ የኮሌስትሮል ኪኒን ብንጀምርለትስ? ያው ዘመዳችን እሱንም ገዝቶ አምጥቷል።

የባዮኬሚስትሪ መምህር፦
በጭራሽ! ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል ኪኒን ጉበት ኮሌስትሮል እንዳይሠራ ይገታል፤ ለልብ ትልቅ መድኃኒት ነው። የአንጀት ካንሰር ማከሚያ ተብሎ ግን አልጸደቀም። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ያለ ሐኪሙ ምንም ኪኒን አይጨመርም።

ሲስተር፦
ካንሰር ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን መዝኑትና ቁጥሩን ጽፋችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። እንቁላሉን መልሱለት፣ በደንብ ይብሰል እንጂ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ግን ኬሞው እስኪያልቅ ይቅር። አንተም ልጄ፣ ወንድም እህቶቹና ልጆቹ ምርመራ መጀመር ያለባቸው መቼ እንደሆነ ጠይቅ።

የቅዳሜ ገበያ ልጅ፦
ለሐኪሙ ነገርነው፤ «ይብላ» አለ። ጽሑፉንም ለአጎቴ አነበብኩለት። ስለ በሩ ሁለቴ አስደገመኝ። ዛሬ ሁለት እንቁላል በትንሽ ቅቤ ተሠራለት። አንድ ጊዜ ጎረሰና ፊቱን አጨማደደ፦ «ይሄን ቅቤ ማን ሸጠላችሁ? ሰንብቷል።» ኬሞው አፉን ቀይሮት ይሁን ቅቤው እውነት ሰንብቶ እንጃ። ሳህኑን ግን ጨርሶታል።