የግብርና ኤክስቴንሽን ልማር ወይስ በዕፅዋት ሳይንስ ልግፋ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በዕፅዋት ሳይንስ በዲፕሎማ ተመርቄ በቀበሌ የልማት ሠራተኛነት ሳገለግል አምስት ዓመት ሆነኝ። አሁን ዲግሪዬን ለመማር ሳስብ፣ በያዝኩት ሙያ ልቀጥል ወይስ ወደ ገጠር ልማትና ግብርና ኤክስቴንሽን (አርሶ አደሩን ወደማስተማርና ወደማማከር ሙያ) ልዙር በሚለው ተቸግሬአለሁ። ባልደረቦቼ «ኤክስቴንሽን ማለት ስብሰባ መምራት ነው፤ እሱን ደግሞ ታውቀዋለህ» ይሉኛል።

የቀድሞ የቀበሌ ባለሙያ፦
ባልደረቦችዎ የተሳሳቱ ይመስለኛል። ጤፍን በመስመር መዝራት ያስታውሱ። በብተና ሲዘራ በሄክታር ከ25 ኪሎ በላይ የሚፈሰውን ዘር ወደ 5 ኪሎ ገደማ ስለሚያወርደው፣ ምክሩ በወረቀት ላይ የሚያከራክር አልነበረም። ሆኖም እኔ በሠራሁበት ቀበሌ፣ የሰው ጉልበት በሚያጥርበት የዘር ወቅት ያችን ደቃቅ ፍሬ በመስመር ለማንጠብጠብ ስንት ሰው እንደሚፈልግ አርሶ አደሩን አስቀድመን አልጠየቅነውም። ስለዚህም ለተቆጣጣሪ የሚታየው የመንገድ ዳር ማሳ በመስመር፣ ከጉብታው ጀርባ ያለው በብተና ይዘራ ነበር። ይህ ለምን እንደሚሆን የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የገጠር ሶሺዮሎጂና የአዋቂዎች ትምህርት ከተማርኩ በኋላ ነው።

መምህር፦
ሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች የተቀረጸ የዲግሪ ፕሮግራም በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በያኔው ዓለማያ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ሳሳካዋ በተባለው የግብርና ድጋፍ ድርጅት እገዛ ተጀምሯል። ተማሪው በክፍል ከተማረ በኋላ ወደ ሥራ ቦታው ተመልሶ ከአርሶ አደሮች ጋር የለየውን ችግር በፕሮጀክት መልክ ይሠራበታል፤ መምህሩም እዚያው ድረስ ሄዶ ያየዋል። የሚመርጡት ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ የመስክ ሥራ ከሌለው ትምህርቱ ወደ ንድፈ ሐሳብ ያደላብዎታል።

የወረዳ ባለሙያ፦
ዲግሪው ከማዳበሪያ ዕዳ ማሰባሰብና ከሪፖርት ሩጫ ያሳርፈኛል ብለው ከሆነ ይቅርብዎት፤ እነዚያ ሥራዎች ተከትለውዎት ይመጣሉ። ያም ሆኖ እኔ ኤክስቴንሽንን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው ነፃው የ8028 የስልክ መስመር ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ በተቀዳ ድምፅ ይመክራል። ያንን ምክር አርሶ አደሩ ማሳው ላይ ቆሞ በሚገባው ቃል ማዘጋጀት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሙያውን የሚያውቁት ደግሞ ጥቂት ናቸው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ መንገድ ዳሩ ማሳ የተጻፈውን ሳነብ አፈርኩ፤ አምና ለወረዳ በላክሁት ሪፖርት የቆጠርኩት የመንገድ ዳሩን ብቻ ነበር።