ቻርጀር ቤት ቢያቃጥል ዕዳው የማን ነው?

የማርቆሱ፦ ሰላም የሀገሬ ልጆች። ባለፈው ሳምንት የእናቴ ቤት የኋላ ክፍል መቃጠሉን የሰማችሁ ሰምታችኋል። ሰው ተርፏል፣ ተመስገን። ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ሰክቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ሲመለስ ኮርኒሱ ይነዳል። ኮርኒሱን ታውቁታላችሁ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተወጠረ ነው። እሳት ከነካው ምን ያቆመዋል? ጎረቤት በባልዲም በጀሪካንም ተረባርቦ የፊቱን ክፍል አተረፈልን። ቻርጀሩን በ150 ብር ነው የገዛነው። ለሻጩ ብነግረው «እኔ አልሠራሁት» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። እስኪ ፍረዱኝ፣ ዕዳው የማን ነው? የሠራው፣ ያስመጣው፣ የሸጠው ወይስ ያው የኛው?

ባለሱቁ፦ እንኳን ነፍስ ተረፈ፣ ንብረት ይተካል። ግን ሻጩን አትቀየመው። እኔም ቻርጀር እሸጣለሁ። ዕቃው ከጅምላ በካርቶን ይመጣል፣ ከፍቼ አላየውም፣ ባየውስ ምን አውቃለሁ? ለገዢው ሁለቱንም አስቀምጥለታለሁ፤ ይሄ ኦርጅናል፣ ይሄ ኮፒ እለዋለሁ። «ረከስ ያለውን» ይለኛል። ወዶ የመረጠው ዕቃ ሲነድ እኔን ይክሰሰኝ?

የደጀኗ፦ ወዶ? ኪሱ ነው እንጂ ማን ወደደ! ርካሽ ማለት ቶሎ የሚበላሽ ማለት ነው፤ ቤት የሚያነድ ማለት አይደለም። ዳቦ ሸጠህ ሰው ቢታመም «ርካሹን መርጠህ ነው» ትላለህ?

ባለሱቁ፦ ዳቦውን እኔ አልጋገርኩትም ነው የምልሽ።

ከባሕር ዳር፦ ሕግ እየተማርኩ ስለሆነ ትንሽ ልግባ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንኑ ነገር ቁጥር 2085 ላይ ይዞታል። ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ላይ ሳለ ጉዳት ካደረሰ ይከፍላል። ጥፋት መሥራቱን ማስረዳት አይጠበቅብህም። ስልክ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ የቻርጀር የተለመደ አገልግሎት ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ግን ወረድ ሲል ማምለጫ አለው። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ አምራቹ አይጠየቅም። የተሰነጠቀውን እያየህ ሰክተህ ከሆነ ነገርህ ይደክማል። ውስጡን ግን ማን ፈልቅቆ አይቶ ይገዛል?

ከሞጣ፦ ሕጉ ጥሩ ነው። አምራቹ ያለው ግን ቻይና ነው። የማርቆስ ፍርድ ቤት መጥሪያ ማን ያድርስለት፣ ፖስተኛው?

ከባሕር ዳር፦ እሱን ልልህ ነበር። በ2006 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ሰፋ አድርጎታል። ሸማቹ ካሣ የሚጠይቀው ከአምራቹ ወይም ከአስመጪው ጀምሮ እስከ ቸርቻሪው ድረስ በአቅርቦቱ የተሳተፉትን ነው፤ አንድ ላይም በተናጠልም። ስለዚህ አያ ባለሱቁ፣ አንተም አለህበት።

ባለሱቁ፦ ይኸውላችሁ! ከቻርጀሩ 30 ብር አትርፌ ቤት ልሥራ?

የደጀኗ፦ አንተም ዞረህ አከፋፋይህን ጠይቅ፣ እሱም አስመጪውን። ሰንሰለቱ ያለው ለዚያ አይደል? ለመሆኑ ለቻርጀር ደረሰኝ ትቆርጣለህ?

ባለሱቁ፦ ለ150 ብር ዕቃ ደረሰኝ የጠየቀኝ የለም።

የደጀኗ፦ ሳይጠየቅ እኮ ነው የሚቆረጠው።

ጋሼ ኤሌክትሪሻኑ (ቡሬ)፦ ልጆች፣ እናንተ ካሣውን ተከፋፍላችሁ ልትጨርሱ ነው። ቻርጀሩ መሆኑን ግን ማን አረጋገጠ? ሃያ ዓመት ሽቦ ስዘረጋ ኖሬያለሁ። ቤት ተቃጠለ ተብዬ ስሄድ ብዙ ጊዜ የማገኘው የላላ ሶኬት ነው። ብሎኑ ሲላላ ሽቦው በደንብ አይያዝም፣ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፤ ከዚያ ወዲያ ቻርጀር ሰካህበት ምጣድ ሰካህበት ያው ነው። አንድ ቤት ደግሞ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ምጣድ፣ ቴሌቪዥንና ሦስት ቻርጀር ተደርድሮ፣ ገመዱ በምንጣፍ ተሸፍኖ አልጋ ሥር ሲያልፍ አግኝቻለሁ። ይሄንን ለየትኛው ፋብሪካ ትልኩለታላችሁ? ይህን ስል ኮፒ ቻርጀርን ነፃ ላወጣ አይደለም። ፈትቼ አይቻለሁ። በአንድ በኩል 220 ቮልት ይገባል፣ በሌላው 5 ቮልት ይወጣል፤ ሁለቱ ወገኖች ሰሌዳው ላይ ጥቂት ሚሊሜትር መራራቅ አለባቸው። የፈታሁት ላይ መሃላቸው ጥፍሬን እንኳ አያስገባም። ፊውዝ መቀመጥ ባለበት ቦታ ደግሞ ተራ ሽቦ በይደውበታል። እንዲህ ያለ ዕቃ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ኃይሉ ዘሎ ሲገባ፣ ምን እንደሚሆን ገምቱት።

የደጀኗ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ዩኤል የሚባለው የአሜሪካ ፈታሽ ድርጅትም አግኝቶታል። በ2016 እ.ኤ.አ. 400 ሐሰተኛ የአፕል ቻርጀር ፈትሾ 397ቱ ወደቁ። ሦስት ብቻ አለፉ! ይሄ የላላ ብሎን አይደለም።

ከሞጣ፦ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የሳምሰንግ ኖት 7 ባትሪ ሲነድ ኩባንያው ወደ 2.5 ሚሊዮን ስልክ ሰበሰበ፤ የተተካውም ሲነድ ምርቱን ጭራሽ አቆመ። ስም ያለው ስሙን ይፈራል። የኛ ቻርጀር ስም የለውም፣ ወይም የሰው ስም ለጥፏል። ባለስሙን ብትከሰው «የኔ አይደለም» ይልሃል፣ እውነቱንም ነው። ለኔ ዋናው ተጠያቂ አስመጪው ነው። ዕቃው በማን እጅ እንደገባ ጉምሩክ ላይ ወረቀት አለ።

ባለሱቁ፦ በኮንትሮባንድ የገባውስ?

ከሞጣ፦ እሱማ ወረቀትም የለው፣ አስመጪም የለው። ስለዚህ የቀረኸው አንተ ነህ። ከማን እንደገዛህ ካልተናገርክ ያንተ ነው እላለሁ። ይቅር በለኝ።

ባለሱቁ፦ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ግን አልተስማማሁም። ከነገ ጀምሮ ኮፒውን ባልሸጥ ያ ሰው ከገበያ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጠው ይገዛል። እሱን ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ አታገኙትም።

የማርቆሱ፦ አንብቤያለሁ ሁሉንም። ጋሼ፣ ሶኬቱን አይቼዋለሁ፤ የግድግዳው ጠቁሯል እንጂ አልቀለጠም። ከአመዱ ውስጥ የቻርጀሩን ሁለት ጥርስና የተጠቀለለች መዳብ አገኘሁ፣ በፌስታል አስቀምጫለሁ። ምስክር ይሆናል?

ጋሼ ኤሌክትሪሻኑ (ቡሬ)፦ ሊሆን ይችላል። ሶኬቱንም እንዳለ ተወው፣ ማንም አይፍታው። ቤቱን በደቦ ልትጠግኑ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ያንን ግድግዳ አትንኩት፣ መጀመሪያ በደንብ ፎቶ አንሣው። ለፖሊስ አመልክታችኋል?

የማርቆሱ፦ አላመለከትንም። እናቴ «ከሰው አታጣላኝ» ትላለች።

ከባሕር ዳር፦ ለእናታችን ጊዜ ስጣት፣ ግን አታብዛው። የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው መቅረብ ያለበት። ማመልከቻውን እኔ እጽፍልሃለሁ። የሱቁ ደረሰኝ ከሌለ፣ ስትገዙ አብሮ የነበረ ሰው አለ?

የማርቆሱ፦ ወንድሜ ብቻ። እሱም ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ መሰካት ፈርቶ ጎረቤት ያስሞላል።

ጋሼ ኤሌክትሪሻኑ (ቡሬ)፦ ሐሙስ ለሥራ ማርቆስ እመጣለሁ። ፌስታሉን አምጣልኝ። እንዳታጥበው ታዲያ።