ቅጣቱን ማን ይክፈል፦ ባንኩ ወይስ አለቃው?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ትልቅ ባንክ ወንጀል ሲሠራ ተቋሙ ገንዘብ ከፍሎ ፋይሉ ይዘጋ? ወይስ አለቆቹ በግል ፍርድ ቤት ይቁሙ? ማስረጃ ይዛችሁ ግቡ። ስድብ ክልክል ነው። ዓመት ስትጠሩ በፈረንጆቹ ይሁን፣ እንዳንምታታ።

ሞገደኛው፦ እኔ ልጀምር። ኤችኤስቢሲ የሚባለው ትልቁ የእንግሊዝ ባንክ፣ 2012። የሜክሲኮ አደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ጥሬ ገንዘብ በሳጥን ይዘው ይመጡ ነበር። ሳጥኑ የተሠራው በገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ልክ ነው። አንድ ሰው ሜትር ይዞ መስኮቱን ለክቷል ማለት ነው እኮ! ቢያንስ 881 ሚሊዮን ዶላር በባንኩ በኩል ታጥቧል። ባንኩ አመነ፣ ለአሜሪካ መንግሥት 1.9 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ክሱ ለአምስት ዓመት ተንጠልጥሎ ቆየና 2017 ላይ ተሰረዘ። በዚህ የተከሰሰ የባንኩ ኃላፊ ስንት ነው? ዜሮ።

የሕግ ሰው፦ ንዴትህ ይገባኛል። ግን በሒሳብ ማጭበርበር የወደቀው የአሜሪካ ኢነርጂ ኩባንያ የኤንሮን ኦዲተር የነበረውን ድርጅት፣ አርተር አንደርሰንን አስታውስ። 2002 ላይ ጥፋተኛ ተባለ፣ ደንበኞቹ ሸሹ፣ ድርጅቱ ፈረሰ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 28 ሺህ ያህል ሠራተኛ ነበረው። 2005 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፍርዱን ሻረው። ምን ዋጋ አለው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አብዛኛው ሠራተኛ ደግሞ ኤንሮንን በዓይኑም አላየውም።

ሞገደኛው፦ እኔ ስለ ሰዎቹ ሳወራ አንተ ስለ ድርጅቱ ትመልስልኛለህ። ድርጅት እስር ቤት ገብቶ ያውቃል?

ሒሳብ ሹሟ፦ እኔ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከውስጥ ያለውን ልንገራችሁ። ቅጣቱ የሚወጣው ከባለአክሲዮኑ ኪስ ነው። ከነሱ ውስጥ የጡረተኞች ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ፈንዶች አሉ። ጥፋቱን የፈጸመው አለቃ ብዙ ጊዜ ያኔ ሥራ ለቆ፣ ጉርሻውንም በልቶ ጨርሷል። ውሳኔው ደግሞ የኮሚቴ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ፊርማ ተደርድሯል፤ ስትጠይቁ ግን ሁሉም «የቀረበልኝን ነው ያጸደቅኩት» ይላል። አንዴ ስለ አንድ ብድር ለአለቃዬ ረጅም ኢሜይል ጻፍኩ። መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ «ደውይልኝ»። የስልክ ወሬ ፋይል ውስጥ አይገባም።

የሕግ ሰው፦ ይኸውልህ ሞገደኛው፣ የዐቃቤ ሕጉ ራስ ምታት እሱ ነው። አለቃው ማወቁን፣ አስቦ ማድረጉን ማስረዳት አለበት። መጥፎ ውሳኔ ብቻውን ወንጀል አይደለም። እንግሊዝ 2016 ላይ አንድ መላ አመጣች። እያንዳንዱ ከፍተኛ የባንክ ኃላፊ የሚጠየቅበት ሥራ በስሙ ተጽፎ ይቀመጣል። በኋላ «አላውቅም፣ የእኔ ክፍል አልነበረም» ማለት ይከብደዋል።

አዲስ ገቢ፦ ምን ይሄ ሁሉ ወረቀት! ሳዑዲ 2017 ላይ ልዑላኑንና ቱጃሮቹን በሙስና ጠርጥራ ሪያድ ሪትዝ ካርልተን ሆቴል ውስጥ ሰብስባ ዘጋችባቸው። ገንዘቡን ተፉ፣ አለቀ።

የሕግ ሰው፦ እና ዳኛው ማን ነበር?

አዲስ ገቢ፦ ሌባ ለሆነ ሰው ዳኛ ምን ያደርጋል?

የሕግ ሰው፦ ሌባ መሆኑን የሚነግርህ ዳኛው ነው ወንድሜ። አብዛኛው በድርድር ተለቀቀ። ማን ምን አጠፋ፣ ማን ምን ከፈለ፣ በግልጽ ችሎት የታየ ነገር የለም። በዚህ ከሞገደኛው ጋር እንኳ የምንስማማ ይመስለኛል።

ሞገደኛው፦ እንስማማለን። (ለመጀመሪያ ጊዜ!)

ዝምተኛዋ፦ ሁለት ነገር ልበል። ኒው ዮርክ ውስጥ አባከስ የሚባል ትንሽ የቤተሰብ ባንክ አለ። የብድር ሠራተኛው ሲያጭበረብር ደረሰበት፣ አባረረው፣ ራሱ ለተቆጣጣሪ አመለከተ። 2012 ላይ ግን የተከሰሰው ራሱ ባንኩ ሆነ። ሠራተኞቹን በሰንሰለት አያይዘው በፍርድ ቤቱ ኮሪደር፣ በካሜራ ፊት አስኬዷቸው። 2015 ላይ ባንኩ ከክሱ ሁሉ ነፃ ወጣ። ያው 2012 ነው እንግዲህ፤ መስኮቱ የተለካለት ባንክ ከፍሎ የሄደበት ዓመት።

ሁለተኛው አይስላንድ ናት። 2008 ላይ ሦስቱ ትልልቅ ባንኮቿ ወደቁ። ካውፕቲንግ የሚባለው ራሱ ለአንድ የኳታር ባለሀብት አበድሮ የራሱን አክሲዮን አስገዝቶ ነበር። ገበያው «አቤት፣ ትልቅ ሰው አመነባቸው» እንዲል። የባንኩ ዋና ሥራ አስኪያጅ አምስት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም 2015 ላይ አጸናው።

የሕግ ሰው፦ አይስላንድ እኮ ያኔ ሕዝቧ ከ300 ሺህ ብዙም አይበልጥም ነበር። እዚያ የሠራው ሁሉ ትልቅ አገር ላይ አይሠራም።

ዝምተኛዋ፦ ትንሽነቷ ይባስ ያከብደዋል እንጂ! ሁሉም ይተዋወቃል። የልዩ ዐቃቤ ሕግ ቦታ ማስታወቂያ ሲወጣ መጀመሪያ ያመለከተ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ የተሾመው የአንዲት ትንሽ ከተማ ፖሊስ አዛዥ ነው። ከባንኮቹ ጋር ያልተነካካ ሰው መሆኑ ጠቀመው።

የሕግ ሰው፦ እሺ፣ ይቺን ተቀበልኩ። ግን እሱም ቢሆን ያሰራቸው በሰነድ ነው፤ በንዴት ቢሆን ይግባኝ ላይ ይወድቅበት ነበር። ሒሳብ ሹሟ፣ ያቺን «ደውይልኝ» የምትለዋን ኢሜይል አጠፋሻት?

ሒሳብ ሹሟ፦ አላጠፋኋትም። ደወልኩለት፣ ያለኝን ከነሰዓቱ ጽፌ በኢሜይል መልሼ ላክሁለት፦ «በስልክ እንዳዘዙኝ» ብዬ። እስካሁን አልመለሰልኝም።