ቃለ ተውኔት ለማጥናት የሚረዳ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የምታውቁ ብትጠቁሙኝ

ጠያቂ (ከቱሉ ዲምቱ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ሲሆን የቴአትር ልምምዳችን የሚካሄደው ፒያሳ ስለሆነ፣ ቃለ ተውኔቴን የማጠናው አብዛኛውን ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ነው። በግፊያ መሃል ወረቀት ገልጦ ማንበብ አይሆንም፤ ቤት ስገባም የሌሎቹን ንግግር እያነበበ የሚያለማምደኝ የለም። አንድሮይድ ስልክና ላፕቶፕ አለኝ፤ ኢንተርኔት ግን እንደ ልብ አላገኝም። ነጻ የሆነና አማርኛን በአግባቡ የሚቀበል ፕሮግራም ካለ ብትነግሩኝ። ድርሰቱ የተሰጠኝ በወርድ ፋይል ነው።

መልስ 1 (ከለገጣፎ)፦
እኔ የምመርጥልዎ አንኪን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ክፍት ምንጭ የማጥኛ ካርድ ፕሮግራም ሲሆን፣ ለአንድሮይድ አንኪድሮይድ በሚል ስም በነጻ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ዋናው ነገር የካርዱ አዘገጃጀት ነው። አንዳንዱ ተዋናይ በካርዱ ፊት «ሁለተኛ ገቢር፣ ንግግር 14» ብሎ ይጽፋል፤ መድረክ ላይ ግን ቁጥር የሚጠራለት የለም። ከፊት መሆን ያለበት ከእርስዎ በፊት የሚናገረው ገጸ ባሕርይ የሚጨርስበት ዐረፍተ ነገር ነው። ለምሳሌ ፊቱ «እናት፦ ታዲያ ቤቱን ማን ይጠብቅ?» ቢል፣ ጀርባው «ቤቱማ ግንብ አለው፤ እኔን ማን ጠበቀኝ?» ይላል። ለብቻ የሚነገር ረጅም ንግግር ካለዎት ቆራርጠው፣ የአንዱን ቁራጭ መጨረሻ የቀጣዩ ካርድ ፊት ያድርጉት። ሁለት ዓምድ ባለው ሰንጠረዥ ጽፈው በዩቲኤፍ 8 (የአማርኛን ፊደል በትክክል በሚይዝ የጽሑፍ ፋይል ዓይነት) ካስቀመጡት፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው አንኪ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስገባዋል።

መልስ 2 (ከሰበታ)፦
የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንኪ የተሠራው ለረጅም ጊዜ ትውስታ በመሆኑ፣ ያወቁትን ካርድ እያራቀ ያልያዙትን ስለሚያቀርብ የትዕይንቱ ቅደም ተከተል ይበተናል። ትርኢቱ ሲቃረብ ፊልተርድ ዴክ (አንኪ ውስጥ የተመረጡ ካርዶች ለጊዜው የሚሰበሰቡበት ክምር) ከፍተው ካርዶቹ በገቡበት ቅደም ተከተል እንዲመጡ ያድርጉ፤ በመልስዎ መሠረት ካርዱ ተመልሶ የሚመጣበትን ቀጠሮ የሚቀይረውንም ምርጫ ያጥፉት።

ለአውቶቡሱ ግን ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይሻላል ባይ ነኝ። ኦዳሲቲ የሚባለውን ክፍት ምንጭ የድምፅ ማረሚያ ላፕቶፕዎ ላይ ጭነው ትዕይንቱን በሙሉ፣ የእርስዎንም ድርሻ ጨምረው፣ በሚናገሩበት ፍጥነት ይቅዱ። ከዚያ ቅጂ አስቀርተው የራስዎን ንግግር እየመረጡ ኮንትሮልና ኤልን ሲጫኑ ድምፁ ይጠፋል፤ ርዝመቱ ግን እንዳለ ስለሚቀር በዝምታው ውስጥ እርስዎ በልብዎ የሚናገሩበት በቂ ጊዜ ያገኛሉ። ስልክ ላይ ቪኤልሲ በሚባለው የድምፅና የቪዲዮ ማጫወቻ ማዳመጥ ይቻላል፤ ፍጥነት መቀነሻም አለው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንኪን ጭኜ ከወርዱ ፋይል ገልብጬ ስለጥፍ ግን ፊደሉ ወደ ላቲን ሆሄያትና ምልክቶች ተለወጠ። ፎንት ብቀይርም አልተስተካከለም።

መልስ 1፦
ድርሰቱ የተተየበው ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ባልሆነ የቆየ ፎንት ነው ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ ቀደም የተሠሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል ቅርጽ በላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ስለዚህ አንኪ የሚያየው ላቲኑን ነው። የመጀመሪያው መፍትሔ ጸሐፊውን የዩኒኮድ ቅጂ መጠየቅ ነው። ከሌለ ገጾቹን ወደ ምስል ለውጠው ቴሰራክት በተባለው ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያወጣ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ያስነብቡት፤ አማርኛ ያነባል፤ ሆኖም እንደ «ለ» እና «ሰ» ያሉ ተመሳሳይ ፊደላትን ሊያምታታ ስለሚችል እያንዳንዱን መስመር ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ግድ ነው። የእርስዎ ድርሻ ጥቂት ገጽ ከሆነ ግን ኪይማን በተባለው የአማርኛ መተየቢያ ፕሮግራም እንደገና መተየቡ ይቀላል፤ እየተየቡም ያጠናሉ።

መልስ 3 (ከቡራዩ)፦
አንድ ነገር ልጨምር። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም አማርኛ ስለሚናገር የሌሎቹን ንግግር በእሱ ማስነበብ ያምርዎት ይሆናል፤ ድምፁ ግን ደረቅ የማሽን ድምፅ ስለሆነ ለቴአትር አልመክረውም። በልምምድ ሰዓት አብረውዎት የሚጫወቱትን አስፈቅደው የየራሳቸውን ድርሻ በስልክዎ ይቅዱና ወደ ኦዳሲቲ ያስገቡት።