የጋራ የበዓል እራት፦ ረቂቅ ሐሳብ ለአባላት ውይይት

ሰኞ

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ይኸው። አዳራሹን የሚፈቅዱልን ሰዎች እስከ ዓርብ በጽሑፍ ይፈልጉታል።
1. እራቱ በበዓሉ ዋዜማ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይጀምራል። ቅድሚያ የሚሰጠው በዚህ ከተማ ዘመድ ለሌለው ሰው ነው፤ አባል መሆን አይጠበቅበትም።
2. ምግቡ በአንድ ጓዳ ይበስላል። የጓዳ አስተባባሪያችን ትመራዋለች፤ አራት ረዳት ያስፈልጋታል።
3. ወጪው ከማኅበሩ ሣጥን ይሸፈናል።
4. ሁሉም በአንድ ረጅም ገበታ ይቀመጣል።
5. ስልክ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲወጣ ይወሰዳል።
አምስተኛው ለምን እንደገባ ባለፈው የነበራችሁ ታውቃላችሁ።

የሌሊት ተረኛ፦
አምስተኛው ካልወጣ አልፈርምም። እናቴ ከአገር ቤት የምትደውለው በዚያ ሰዓት ነው። በቪዲዮ ስትደውል ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች፤ «እማዬ፣ ራቅ አድርጊው» እያልኩ ግማሹ ጊዜ በጆሮዋ ያልቃል። ፊቷን የማይበት ቀሪው ግማሽ ለእኔ በዓሌ ነው። ቅርጫት ውስጥ አላስቀምጠውም።

አንጋፋው፦
ቅርጫቱን ያሳሰብኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ምግቡ ሲቀርብ ግማሹ ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ በስልክ ያወራ ነበር። ገበታው ላይ የቀሩት ተጋባዦቹ ናቸው። እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ጭልፋውን ማን ቀድሞ ያንሳ ብለው ይተያዩ ነበር። ሰው ጠርቶ ጥሎ መውጣት ነውር ነው።

አዲሷ አባል፦
ስለ አንቀጽ 1 ልጠይቅ። አብራኝ የምትሠራ ኔፓላዊት አለች፤ እዚህ ማንም የላትም። ስሟን ለማን ልስጥ?

ሒሳብ ያዥ፦
ቅርጫት ውስጥ የገባ ስልክ ቢጠፋ ማን ሊከፍል ነው? ከሣጥኑ አንድ ሳንቲም አላወጣም፤ ከወዲሁ ይታወቅ።

ምክትል ጸሐፊ፦
ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፍበት፤ ግማሹን ባለቤቱ ይያዝ። አንድ ሰው በር ላይ ይቀመጥ።

ሒሳብ ያዥ፦
በር ላይ የሚቀመጠው ሰው መቼ ሊበላ ነው?

የአዳራሽ ተረኛ፦
በሩን እኔ እይዛለሁ። ጓዳም ላይ ቁጠሩኝ።

ማክሰኞ

የጓዳ አስተባባሪ፦
ስለ ቅርጫቱ ስትጨርሱ አንቀጽ 2ን አንብቡ። ባለፈው የደረሰው ከተደገመ እኔ በዚያ ጓዳ አልገባም። ሩዙ ከእራቱ ቀድሞ በነበረው ማታ ተቀቅሎ፣ በትልቁ ድስት ክዳኑ እንደተገጠመ፣ እስከ እራት ሰዓት ምድጃው ላይ ቆይቷል። ጥሬ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ ይገኛል፤ እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆየውን ቅርጹን መፍላት አይገድለውም። ለብ ያለ ድስት ውስጥ ሲያድር ይነቃና ይራባል፣ መርዝ ያወጣል፤ የሚያስመልሰውን መርዝ ደግሞ እንደገና ማሞቅ አያጠፋውም። ስለዚህ «በደንብ አሙቀነው ነበር» የሚለው መልስ ሌሊቱን ሲያስመልሱ ላደሩት ሰዎች መልስ አይሆንም።

የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ምግብ ደኅንነት ባወጣቸው አምስት ቁልፎች የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። ትኩሱ ከ60 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ይያዝ፤ ሥጋ መሀሉ 70 ዲግሪ ይድረስ። ይህን በቀለምና በጣት ነክቶ ማወቅ አይቻልም፤ የምግብ ቴርሞሜትር ይገዛልኝ። ቀድሞ የሚበስለው ሁሉ በትልቅ ድስት አያድርም፤ ጥልቀት በሌለው ትሪ ላይ ስስ ተደርጎ ይዘረጋል፣ እንፋሎቱ ሲወጣለት ፍሪጅ ይገባል። በረዶ የሆነ ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ በረዶው እንዲለቀው ለየ2 ኪሎው አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የተጋባዡን ቁጥር አስቀድሜ ካላገኘሁ መግዛት አልችልም። ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ እንቁላል ወይም ወተት የማይስማማው ሰው ካለ ስሙ ይምጣልኝ። ለየሳህኑ የራሱ ጭልፋ ይኖረዋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዘዋውር ሰው አልፈልግም።

አራቱ ረዳቶች እነማን ናቸው?

ምክትል ጸሐፊ፦
ስም ሳትጠሪ ስሜን ጠራሽ። ሩዙን ማን እንዳበሰለው ሁሉም ያውቃል። ሥራ ውዬ መጥቼ ብቻዬን ነው የቀቀልኩት፤ ፍሪጁ ከላይ እስከ ታች በመጠጥ ተሞልቶ ነበር። ፍሪጁን የሞላው ሰው ለምን አይጠየቅም? ያን ዕለት አንድ እንኳ «ላግዝሽ» ያለኝ የለም። አሁን ሁሉም ሐኪም ሆነ።

የጓዳ አስተባባሪ፦
የፍሪጁ ነገር ልክ ነሽ። መጠጡ በበረዶ በርሜል ይገባል፤ ፍሪጁ ለምግብ ብቻ ይሆናል። አሁንም ረዳት እጠይቃለሁ።

የሌሊት ተረኛ፦
«እናትሽ ቀደም ብላ ትደውል» ብሎ በግል ለጻፈልኝ ሰው መልሴ ይኸው። እዚህ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሷል፤ እዚያ ሰዓት አይቀየርም። በበጋ የለመደችው ልዩነት አሁን ሌላ ሆኗል። እናቴ የምታውቀው አንድ ሰዓት ነው፤ የራሷን። ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ የልጅ ልጆቹ ሳይተኙ፣ ስልክ መያዝ የሚችለው ወንድሜ ሳይሄድ ነው የምትደውለው። ያ ሰዓት ገበታ ላይ ቢውል እኔ ምን ላድርግ?

አንጋፋው፦
እኛ ስንመጣ ደብዳቤ ወር ይፈጅ ነበር። አንድ ምሽት መታገሥ እንዲህ የሚያስቆጣ መሆኑ ይገርመኛል።

የሌሊት ተረኛ፦
ጋሼ፣ የእናቴን ድምፅ ከደብዳቤ ጋር አያስተያዩብኝ። ዕድሜዋ እየገፋ ነው። ለሚመጣው በዓል ትደውልልኝ እንደሆነ ዋስ ይሆኑኛል?

ሒሳብ ያዥ፦
ተዉ እንጂ። የማኅበር ጉዳይ ነው፤ በእናት አይደረስም።

የሌሊት ተረኛ፦
ማን በእናት ደረሰ? ራሴን አስወጥቼ ልገላግላችሁ?

ረቡዕ

አንጋፋው፦
እናትሽን ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ክፉ አልተናገርኩም። እኔን የሚደውልልኝ የለም። የነበሩት አልፈዋል። ባለፈው ከተጋባዦቹ ጋር ቁጭ ብዬ የቀረሁት ለዚያ ነው። አጠገቤ የነበረው ልጅ ስልኩን ያወጣል፣ ስክሪኑን ያበራል፣ ያያል፣ ያጠፋል፣ ኪሱ ይከታል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ያወጣዋል። የመጣለት ጥሪ የለም። የእናንተ ሳቅ ከደረጃው ይሰማዋል። ያልተደወለለት ሰው ያን ምሽት ለብቻው ተለይቶ እንዳይታይ ብዬ ነው ቅርጫቱን ያሳሰብኩት።

የሌሊት ተረኛ፦
ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ ደረጃው ላይ ማንም አይቁም። ከአዳራሹ ጎን ያለችው ትንሿ ክፍል ትከፈትልን። የሚደወልለት ሰው ተራ ይዞ ይግባ፣ በ15 ደቂቃ ይውጣ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጥ። ገበታው ባዶ አይቀርም።

ምክትል ጸሐፊ፦
ይህ ይሠራል። የተራ ሰንጠረዡን እኔ እይዛለሁ። 15 ደቂቃ መሆኑም ልክ ነው፤ የሁሉም አገር ሰዓት በሙሉ ሰዓት አይለያይም። ህንድ ከዓለም አቀፉ የሰዓት መነሻ በ5 ሰዓት ከ30 ደቂቃ፣ ኔፓል በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማሉ። ሁሉም የቤተሰቡን ሰዓት ይጻፍልኝ፤ እኔ ወደዚህ ሰዓት እመልሰዋለሁ።

የአዳራሽ ተረኛ፦
ትንሿ ክፍል ውስጥ ኢንተርኔቱ ደካማ ነው። ኬብል መዘርጋት ይቻላል። ትልቅ ስክሪን ብንከራይ ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ላይ ይታያል።

ጸሐፊ፦
ስክሪኑ ጥሩ ሐሳብ ነው። ወንበርም ይግባ። አምስተኛውን አንቀጽ በዚህ እቀይረዋለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦
ስክሪን ከተከራየን ሣጥኑ ምግቡን አይችልም። ሁለቱን አንድ ላይ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦
ምግቡን እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞ ቢመጣስ?

አዲሷ አባል፦
ጥያቄዬን ያየው ሰው አለ? የኔፓላዊቷን ስም ለማን ልስጥ? ለእትዬ ጓዳውን ላግዝ እችላለሁ፤ ከሥራ የምወጣው በ10 ሰዓት ነው።

የጓዳ አስተባባሪ፦
እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ከአራቱ የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ የአዳራሽ ተረኛው «ቁጠሩኝ» ካለ ወዲህ ስደውል አያነሳም።

ጸሐፊ፣ ከየቤቱ የሚመጣ ምግብ መቼ እንደበሰለ፣ በምን እንደተጓዘ፣ ምን እንዳለበት አላውቅም። ለማያውቀኝ ተጋባዥ «ይህን ብላ» ብዬ ኃላፊነት አልወስድም። ሁሉም የየራሱን ሊያሞቅ ምድጃ ይዞ ሲመጣ ደግሞ አስቡት። አንዱ ማሞቂያ እስከ 2,000 ዋት ይወስዳል፤ 10 አምፔር የሚሸከም ማከፋፈያ በ230 ቮልት የሚችለው 2,300 ዋት ነው። ሁለት ከተሰካበት ገመዱ ይግላል። ስክሪኑም እዚያው ላይ ሊሰካ ነው? ይህ የሚጸድቅ ከሆነ ስሜን ከአንቀጽ 2 አውጡ።

ሐሙስ

ጸሐፊ፦
የተሻሻለው ይኸው።
1. ምሽቱ በበዓሉ ዋዜማ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ይሆናል። የስክሪን ተራ ውስን ስለሆነ ቅድሚያ ለአባላት ይሰጣል።
2. ምግብ እያንዳንዱ ይዞ ይመጣል። ማሞቅ አይፈቀድም።
3. ከሣጥኑ የሚወጣው ለስክሪን ኪራይና ለኬብል ነው።
4. ገበታውን እንደ ክፍሉ ስፋት እናያለን።
5. የቤተሰብ ጥሪ ክፍል በ15 ደቂቃ ተራ ይሠራል።

አንጋፋው፦
ዘመድ የሌለው ሰው የት ገባ? እራት ለማብላት ጀምረን ሲኒማ ቤት ከፍተን ወጣን። ይህን የሚያነቡት የአዳራሹ ሰዎች ምን ይሉናል?

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ ዓርብ ነገ ነው። ተጋባዥ አይምጣ አልተባለም።

አንጋፋው፦
መጥቶ ምን ይበላል? ቀዝቃዛ ምግብ ከእጁ ይዞ የሚመጣ እንግዳ አላውቅም።

የሌሊት ተረኛ፦
እኔ ክፍሏን ጠየቅኩ እንጂ ምግቡ ይቅር አላልኩም። ስክሪኑ ይቅርና ምግቡ ይመለስ። እናቴ በስልኬ ትበቃኛለች።

ሒሳብ ያዥ፦
ለስክሪኑ ቀብድ ዛሬ ጠዋት ከፍያለሁ። አይመለስም።

ምክትል ጸሐፊ፦
ሰንጠረዡ ሊሞላ ነው። ከ12፡45 እስከ 1፡00 ያለው ተራ ብቻ ቀርቷል። ጋሼ፣ ለእርስዎ ልያዝልዎ?

አንጋፋው፦
የምደውልለት የለኝም ብያለሁ። ለኔፓላዊቷ ልጅ ጻፊላት።

ሒሳብ ያዥ፦
አባል አይደለችም። በአዲሱ አንቀጽ 1 መሠረት መጀመሪያ አባላት ይጠየቁ።

አዲሷ አባል፦
ትመጫለሽ ብዬ ነግሬያታለሁ። ዛሬ ደግሞ ምን ይዤ ልምጣ ብላ ጠየቀችኝ።

የጓዳ አስተባባሪ፦
ምንም። ሁለታችሁም ከ10 ሰዓት በኋላ ቤቴ ኑ። ጋሼ፣ እርስዎም ይምጡ። ቁጥሩን ዛሬ ማታ ካወቅኩ ዶሮው ይደርሳል።

ጸሐፊ፦
እንደዚያ ከሆነ ከአዳራሹ ዝርዝር ሦስት ሰው ልቀንስ? ያልፈረማችሁ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ፈርሙ፤ ጠዋት አስገባዋለሁ።