ውዝፍ የክሬዲት ካርድ ዕዳ እያለብኝ ለአሜሪካ ጦር የምስጢር ፈቃድ ማመልከት እችላለሁ?

ጠያቂ፦ የአሌክሳንድሪያው
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ዜግነቴን ካገኘሁ በኋላ ወደ ጦሩ ለመግባት የመግቢያ ፈተናውን አልፌያለሁ፤ የመረጥኩት የሥራ ዘርፍ ግን ሲክሬት ክሊራንስ፣ ማለትም ምስጢራዊ መረጃ የማየት ፈቃድ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ያሉት አባቴ ታመው ለሕክምናቸው ገንዘብ በምልክበት ወቅት ሥራዬን በማጣቴ የሁለት ክሬዲት ካርዶች ክፍያ ተቋርጦ፣ 9 ሺህ ዶላር ገደማ የሚሆን ዕዳ ወደ ኮሌክሽን (ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ተላልፏል። አሁን ሥራ ይዣለሁ። አንድ ወዳጄ «ሰባት ዓመት ሲሞላው ከክሬዲት ሪፖርትህ (ከብድርና ክፍያ ታሪክህ መዝገብ) ስለሚጠፋ ዝም በለው» ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ዕዳዬን መክፈል አልቻልኩም ብዬ በፍርድ ቤት ኪሳራ (ባንክራፕሲ) እንዳውጅ ይመክረኛል። ከዚህ በተጨማሪ በየወሩ ለቤተሰቤ ገንዘብ እልካለሁ፤ ዕቁብም እጥላለሁ። ይህ ሁሉ ፈቃዱን ያስከለክለኛል?

መልስ፦ ጡረተኛው ሳጅን
ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ዕዳ ስላለብህ ብቻ በሩ አይዘጋብህም፤ ከዚህ በላይ ሲባል ይከለከላል የሚል የተቆረጠ የገንዘብ መጠንም የለም። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የፈቃድ ውሳኔ መመሪያ 13 መመዘኛዎች ያሉት ሲሆን፣ የገንዘብ ሁኔታ ከነዚህ አንዱ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሲአይኤ ባልደረባ የነበረው ኦልድሪች ኤምስ በ1985 ምስጢር ለሶቪየቶች መሸጥ ሲጀምር ዕዳ ተቆልሎበት ነበር። ገምጋሚዎቹም የሚመለከቱት ዕዳው እንዴት እንደመጣና አንተ ምን እንዳደረግህበት ነው። ሥራ ማጣት፣ ፍቺ፣ ሕመምና የመሳሰሉት ከአቅም በላይ የሆኑ ምክንያቶች በመመሪያው ውስጥ በማቅለያነት ተጠቅሰዋል፤ ነገር ግን ችግሩ ከደረሰ በኋላ በኃላፊነት መንቀሳቀስህን ማሳየት ይጠበቅብሃል።

ለፈቃዱ የምትሞላው ኤስ ኤፍ 86 የሚባለው ቅጽ ክፍል 26 ላይ ባለፉት ሰባት ዓመታት ወደ ዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ሒሳብ ወይም ከ120 ቀን በላይ የዘገየ ክፍያ እንደነበረህ በቀጥታ ይጠይቅሃል። ከማመልከትህ በፊት የሦስቱንም ድርጅቶች ማለትም የኢክዊፋክስን፣ የኤክስፒሪያንንና የትራንስዩኒየንን የክሬዲት ሪፖርት በነፃ አውጥተህ ቅጹን ከዚያ ጋር እያመሳከርህ ሙላ። መርማሪው ያንኑ ሪፖርት በእጁ ይዞ ነው የሚያነጋግርህ። የተውከውን ዕዳ እሱ ካገኘው ጉዳዩ የገንዘብ መሆኑ ቀርቶ የሐቀኝነት ይሆናል፤ ሆን ብሎ ሐሰት መጻፍ ደግሞ በፌዴራል ሕግ እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስቀጣል። መልማይህ «ይህን አትጻፈው» ቢልህ እንኳ እሺ አትበለው፤ ከቅጹ ግርጌ የሚፈርመው እሱ ሳይሆን አንተ ነህ።

መልስ፦ የግብር ባለሙያዋ
በሳጅኑ መልስ ላይ ልጨምርበት። ዕዳው እስኪጠፋ ዝም ይበሉ የሚለውን ምክር እባክዎ አይቀበሉት። ዕዳው በጊዜ ብዛት ከሪፖርቱ ቢወጣ ወይም አበዳሪው የመክሰሻ ጊዜው ቢያልፍበት፣ ገምጋሚው ይህን እርስዎ በቅን ልቡና ለመክፈል እንደጣሩ አድርጎ አይቆጥረውም። ኪሳራ ማወጅ ሕጋዊ መብት ነው፣ በራሱም ፈቃድ አያስከለክልም፤ ሆኖም ሥራ ይዞ በክፍያ ስምምነት ሊወጣው ለሚችል ሰው የመጀመሪያ አማራጭ መሆን ያለበት አይመስለኝም።

በእኔ አስተያየት የሚሻለው፣ አበዳሪውን በጽሑፍ ጠይቀው በየወሩ የሚችሉትን መጠን መስማማትና ሳያቋርጡ መክፈል ነው። መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ለተከታታይ ወራት የተከፈለበት ደረሰኝ ወደፊት እከፍላለሁ ከሚል ቃል እጅግ ይበልጣል። ለአበዳሪዎች መክፈልዎን አቁመው ገንዘቡን ለእኛ ያስገቡ፣ እኛ እንደራደርልዎታለን ከሚሉ ድርጅቶች ይጠንቀቁ፤ ውዝፉን ያባብሱታል። ለትርፍ ያልተቋቋመ የክሬዲት አማካሪ ዘንድ መሄድ ግን በመመሪያው ራሱ በበጎ ይታያል። ሳያሳውቁ ያለፉት የግብር ዓመት ካለም ከካርዱ ዕዳ አስቀድመው ያስተካክሉት፤ ለመንግሥት ግብሩን ባላሳወቀ ሰው ላይ ገምጋሚዎች ይበልጥ ይጠነክራሉ።

መልስ፦ የዕቁብ ጸሐፊ
ስለ ዕቁቡና ስለሚላከው ገንዘብ እኔ ልመልስ። ያው ቅጽ ለውጭ ዜጋ የገንዘብ ድጋፍ አድርገህ እንደምታውቅ ይጠይቃል፤ አባትህ አሜሪካዊ ዜግነት ከሌላቸው መልስህ አዎ ነው። ወላጅን መጦር ነውር የለበትም፤ የላክህበትን ደረሰኝ ብቻ ሰብስበህ አስቀምጥ። ጥያቄ የሚነሳው ካርድህ ሳይከፈል ከአቅምህ በላይ ስትልክ ከተገኘህ ነውና፣ ዕዳው እስኪቃለል ድረስ የምትልከውን መጠን ከቤተሰብ ጋር ተመካከርበት።

ዕቁብ በክሬዲት ሪፖርት ላይ አይታይም፤ ነገር ግን ዕጣ ወጥቶልህ ከወሰድክ የሚቀርህ መዋጮ ዕዳ ነው። ደግሞም ባንክ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባለት ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ይህ የተለመደ አሠራር ስለሆነ አያስፈራህ። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ ገንዘቡን ዛሬ 6 ሺህ፣ ነገ 5 ሺህ እያደረጉ መከፋፈል ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን ይህን ባለማወቅ ሲያደርጉት አይቻለሁና በጣም ያሳስበኛል። የዕቁቡን ዳኛ የአባላቱን ብዛት፣ የመዋጮውን መጠንና ዕጣው የወጣልህን ቀን በአንድ ገጽ ጽፎ እንዲፈርምልህ ጠይቀው፤ መርማሪው ስለ ገንዘቡ ምንጭ ሲያነሳብህ ታሳየዋለህ።

ጠያቂ፦ የአሌክሳንድሪያው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስቱንም ሪፖርቶች አውጥቼ ስመለከት የአንዱ ካርድ ዕዳ በሁለት ድርጅቶች ስም ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘሁት። ይህን እንዴት ልያዘው?

መልስ፦ ጡረተኛው ሳጅን
ለሪፖርት አውጪው ድርጅት በጽሑፍ ተከራከር፤ የደብዳቤውን ቅጂና የሚሰጡህንም መልስ አስቀምጥ። ቅጹ ላይ ዕዳውን አስመዝግበህ፣ በማብራሪያው ቦታ ሁለቱ አንድ ሒሳብ መሆናቸውንና ክርክር ማቅረብህን ከነቀኑ ጻፍ። ለትክክለኛው ዕዳ የምታደርገውን የክፍያ ስምምነት ግን የክርክሩን ውጤት ሳትጠብቅ በዚህ ወር ጀምረው።